የፍልሰታው በሶ

በዚህ ደብር ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች እኔን ለልጅ ልጆቻቸው ሲያሳዩ «በፍልሰታ ሥጋ የበላችው ሸዌ» ይላሉ። ስሰማቸው ፊቴን አላዞርም። ሥጋ አልበላሁም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንድም ጾም ገድፌ አላውቅም። የበላሁት በሶ ነበር፤ በሶውም ሊገድለኝ ትንሽ ነው የቀረው። ሰዉ ሁሉ ሥጋ ነው ብሎ እንዲያምን ያደረግሁት ግን እኔው ራሴ ነኝ። ዛሬም ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ቃል እደግመዋለሁ። አሁን ጠላትም ሄዷል፣ ጉድጓዱም ተደፍኗል፣ እማማም አርፈዋል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የተወለድኩት መንዝ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከወንድሞቼ ጋር አስቀምጠው ዳዊት አስደግመውኛል። ባሌ የቡሬ ሰው ነው፤ በወታደርነት አገራችን መጥቶ በቁርባን አገባኝ። ጣልያን ሲገባ «እኔ የምዋጋው በማውቀው ዱር ነው» ብሎ ዓባይን አሻግሮ አመጣኝና እናቱ ቤት አስቀምጦኝ ጫካ ገባ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከአንዲት ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። እኔና አማቴ ብቻ ቀረን። አማቴን እማማ ነው የምላቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው ከእጃቸው የሚፈጥን ሴት ነበሩ።

አገሬው ክፉ አልነበረም፤ ግን አላስጠጋኝም። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እኔ እንደምለው እያስመሰሉ «አንቺዬ፣ እንስራሽን አንሺ» ይባባላሉ። እኔ ቤት መጥታ ቁጭ የምትለው ከወንዙ ማዶ ያለችው ሸክላ ሠሪ ብቻ ነበረች። አገሩ በእሷ ድስት ይሠራል፣ በእሷ እንስራ ይጠጣል፣ እሷን ግን ቡዳ ናት ይላል፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ የለም።

«አንች ከዓባይ ማዶ፣ እኔ ከወንዙ ማዶ» ትለኝ ነበር እየሳቀች። «የኔው ማዶ ይብሳል እቴ፤ ያንችስ ድልድይ አለው።»

ያን ጊዜ የመንደራችን ጭቃ ሹም ቡሬ ላሉት ጣልያኖች እህል ይሰበስባል። ጎተራ ያየ እንደሆነ ግማሹን አስጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ እማማ በበጋው ከላሞቹ በረት ሥር ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ውስጡን ገለባ አልብሰው፣ ገብስ ሞልተው፣ በድንጋይ ከድነው እበት ለቀለቁበት። ላሞቹ እላዩ ላይ ይተኛሉ። ያ ገብስ የእኛ አልነበረም፤ የልጃቸውና አብረውት ጫካ ያሉት ሰዎች ነበር። እየቆላን፣ እየፈጨን፣ በሶ እያደረግን በስልቻ እንልካለን።

ለዱር ሰው ስንቅ የሚልክ ቤት ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበረው። ባንዳ ገብቶ ስንቅ ያስመርዛል ስለሚባል፣ የሚላከውን ከቤቱ አንድ ሰው አስቀድሞ ይበላለታል። መልእክተኛው ስልቻውን ሳይሸከም «ማን ቀመሰው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀማሹ ፊቱ ቆሞ «እኔ» ይላል። በእኛ ቤት ቀማሿ እኔ ነበርኩ። ለቀማሽነት ደግሞ መቆንጠር አይበቃም፤ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶ፣ በልቶ፣ ውሎ ማደር ነው።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ፍልሰታ ገብቶ ጥቂት ቀን እንደሆነ ጉድጓዱን ስንከፍት የወጣው ሽታ ወደ ኋላዬ መለሰኝ። እጄን ሰድጄ ያወጣሁት ገብስ ሞቃት ነበር፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ አረንጓዴ አውጥቷል።

«እማማ፣ ይኸ ገብስ ሻግቷል።»

«የጉድጓድ እህል ይሸታል። የናንተ አገር ጉድጓድ ሽቶ ነው እንዴ የሚሸተው?»

«ሽታው ብቻ አይደለም፤ ይመልከቱት እስኪ፣ መልኩ ተለውጧል።»

«እሳት ሲያየው ይለቃል። አጥበሽ ቁይው። ደህና አድርገሽ ቁይው እንጅ ምን ይሆናል!»

እዚያ አገር እንዲህ ነበር የሚታመነው፤ የሻገተ እህል በደንብ ከተቆላ ንጹሕ ነው። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። ፀሐይ የለ፣ ሌላ እህል የለ፣ መልእክተኛው ሊመጣ ነው። አጠብኩት፣ ቆላሁት፣ እስኪጠቁር ቆላሁት። ስፈጨው እንኳ ያ ሽታ ከወፍጮው ሥር ይነሳ ነበር።

በነጋታው ጧት ውሃ ስቀዳ ሸክላ ሠሪዋ አዲስ እንስራ አዝላ ስትሻገር አገኘችኝ።

«ምነው እቴ፣ እንዲህ ማማርሽ! ጾም የሚያሳምራት ሴት ገና አንችን አየሁ» አለችኝ ጮክ ብላ።

ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ሳቅኩና ተለያየን።

ከቅዳሴ መልስ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሶውን በውሃና በጨው አሽቼ ሳህኑን ሞልቼ በላሁ። እማማ አልቀመሱም፤ እርሳቸው ፍልሰታን በጥሬና በውሃ ብቻ ነበር የሚጾሙት። ብዙም አልቆየ። ቤቱ ዞረብኝ። ከዚያ ሆዴ ተገለበጠ። ከላይም ከታችም አልያዝ አለኝ፤ ከመደቡ ወርጄ መሬት ላይ ወደቅኩ፣ መሬቱም አብሮኝ የሚዞር መሰለኝ። ዛሬ ቢሆን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ይወስዱኝና «የምግብ መመረዝ ነው» ብሎ ክኒን ይሰጠኝ ነበር። ያኔ ፍኖተ ሰላም ስሟ እንኳ ገና ወጀት ነበር፤ ክኒን የሚባል ካለም የጣልያን ነበር።

እማማ ራሴን ደግፈው ውሃ ሊያጠጡኝ ሲሞክሩ እጃቸውን ያዝኩ።

«በሶው ነው፣ እማማ። እንዳይሄድ።»

«የኔ ገብስ ሰው አሞ አያውቅም።»

«እኔን አመመኝ።»

«አንችን ያመመሽ ዐይን ነው። ጧት ያች ሴትዮ ‹ማማርሽ› አላለችሽም? ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አቅም ባይኖረኝም ንዴቱ አናገረኝ። «ቀማሽ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ቀመስኩ፤ ታመምኩ። ታዲያ የቀማሽ ሥራው ምንድን ነው? ደህና ስትሆን እህሉ ደህና ነው፣ ስትታመም ዐይን ነው ልንል ነው?»

ውሃውን አስቀመጡት። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ «ልጄ ምን ይብላ ታዲያ?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፤ ከደጅ «ኧረ የሰው ያለህ! ልጅቱን በሏት!» ሲሉ ሰማኋቸው። ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። በክፋት እንዳልጮኹ አውቃለሁ። ያ ገብስ መርዝ ከሆነ ልጃቸው ጦሙን ሊያድር ነው፤ ዐይን ከሆነ ግን ስንቁ ይሄዳል። እናት ናቸው፤ ዐይን እንዲሆን ፈለጉ።

በማግስቱ ጧት ቤቱ በሰው ሞላ። መድኃኒት አዋቂ የሚባለው ሰውዬ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ጋር ፍም ላይ አድርጎ መጣ። ጭቃ ሹሙም መጥቶ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ቀርቶ አያውቅም። ሥርዓቱን ላላየ ሰው ልንገር፤ በሽተኛዋን ጋቢ ደርበው ያጥኗታል፣ ጢሱ ሲበረታባት «ማን ነው የበላሽ?» ይሏታል፣ እሷም ስም ትጠራለች። ስሟ የተጠራው ሴት ተጎትታ መጥታ በሽተኛዋን እንትፍ ትልባታለች። ከዚያ በኋላ ያ ቤት እዚያ አገር አይቆምም። እኔ ከመምጣቴ በፊት ስሟ የተጠራ አንዲት ሴት ጎጆዋን አቃጥለውባት ከነልጆቿ ወደ ቆላ ወርዳለች ሲባል ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ጋቢው ሲወድቅብኝ የሚፈለገው ምን እንደሆነ አውቄው ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ስም ነው። ስሙንም አገሩ ሁሉ ትናንት ውሃ ዳር አዘጋጅቶታል፤ የእኔ አፍ ብቻ ነው የቀረው።

«ተናገር! የት አገኘሃት?» ይላል አዋቂው፤ በላዬ አድሯል የሚሉትን ነው የሚያናግረው። «ውሃ ዳር ነው? ማናት የላከችህ?»

ሳልኩ። ዐይኔ ነደደ። በልቤ ዳዊቴን ያዝኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቃሌ እወርዳለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ሳሉ እየቆራረጠ መልሶ ይጥለኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

«ትናገራለች፣ ጨምርበት!» አለ አንድ ሰው።

«ሸዌ ግትር ነው፣ እጥፍ አድርግላት» አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ስሟን ብጠራ ጢሱ ይነሳልኛል። እውነቱን ብናገር፣ «የሻገተ ገብስ» ብል፣ ጭቃ ሹሙ በሩ ላይ ነው፤ «የቱን ገብስ? ጎተራችሁ ባዶ አይደለም እንዴ?» ይላል። ከበረቱ ሥር ያለው ይወጣል፤ ከእሱም ጋር እማማን ቡሬ ይወስዷቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ሆዴ ባዶ ነው፣ ጢሱ ይጨርሰኛል፤ እኔ ብሞት ደግሞ ያችን ሴት በሞቴ ያቃጥሏታል። ለዝምታም ጊዜ አልነበረኝም።

ጋቢውን ከራሴ ላይ ገፈፍኩት። እንደዚያ ማድረግ ነውር ነው፤ በሽተኛዋ አትገልጥም። ሴቶቹ «እሰይ፣ ሊናገር ነው» አሉ።

«የበላኝ የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ምንድን ነው የበላሽው?» አለ አዋቂው ሳያስበው፤ ሰው ሰውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ።

ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጨው የምንሰፍርበት ጣሳ አለ። የጣልያን ሥጋ የነበረበት ቆርቆሮ ነው፤ የበሬ ራስ ተስሎበታል። ዐይኔ እሱ ላይ አረፈ።

«ሥጋ በላሁ። የጣልያን የቆርቆሮ ሥጋ። ጾም ገድፌ በላሁ፤ ተበላሽቶ ኖሮ ይኸው አመመኝ።»

አንዲት ሴት ከኋላ «በፍልሰታ!» አለች በሹክሹክታ፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ደጅ ድረስ ሲወጣ ሰማሁት። ትናንት የሚያሾፉብኝ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። አልዋሽም፤ ያ ከጢሱ የበለጠ አቃጠለኝ። በዚያ አገር ዘመድ የለኝ፣ ርስት የለኝ፣ አንድ ያለኝ ነገር ጾሜ ነበር። «አነጋገሯ እንዲያ ይሁን እንጅ ጿሚ ናት» ይሉኝ ነበር። እሱን ነው አንስቼ የጣልኩላቸው። ግን እንባዬን የጢስ ነው እንዲሉ አላደረግሁም፤ ጨርሶ አላነባሁም። አገጬን አንስቼ አየኋቸው።

ጭቃ ሹሙ ከወንበሩ ተነሳ። «ማን ሰጠሽ?» አለኝ ተቆጥቶ።

ጣሳውን ብቻ አየሁት። ሰው ሁሉ ዐይኔን ተከትሎ ጣሳውን አየ፤ ከዚያ ደግሞ ጭቃ ሹሙን። ምክንያቱም ያንን ጣሳ ለእማማ የሰጠው እሱ ነው፤ ከቡሬ ሲመለስ «ባዶውን እንካችሁ፣ ሙሉውንስ እኔ ጨርሼዋለሁ» እያለ ለግማሹ አገር አድሏል። በፍስክ ይሁን በጾም የጠየቀው አልነበረም። አሁን ግን ሁሉም በልቡ የጠየቀው መሰለኝ፤ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቃ፣ በቃ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ሥጋ ነው የበላች፣ ምን ታጥኗታላችሁ? ቡዳ የለበትም። ለነፍስ አባቷ ትንገር። ተነሱ!»

እየተጋፉ ወጡ። አዋቂው ፍሙን ይዞ ሲሄድ ጢሱ ዝናቡ ውስጥ ሲሳሳ አየሁት።

እማማ አልወጡም። ሥጋ በቤታቸው እንደሌለ ያውቃሉ፤ ከዐይናቸው ርቄ ቡሬ ሄጄ እንደማላውቅም ያውቃሉ። ቆመው ብዙ አዩኝ። ከዚያ መልእክተኛው ሊወስደው የተዘጋጀውን ስልቻ ከማጀት አወጡት፤ በዚያ ዝናብ ተሸክመው ወርደው ወንዙ ውስጥ ገለበጡት። ከመደቡ ላይ ሆኜ በበሩ አየኋቸው። ስልቻውን አራግፈው፣ አጥበው፣ ገልብጠው ደግመው አጠቡት። መልእክተኛው ማታ ሲመጣ «ጠብቁን በልልኝ» ብለው ባዶ እጁን ሰደዱት።

መሄድ ስችል ለነፍስ አባታችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣታቸው መስቀላቸው ላይ ሆኖ ሰሙኝ።

«ለውሸትሽ ንስሐ እሰጥሻለሁ፤ እሱ በእኔና በአንች መካከል ነው» አሉኝ። «ለሥጋው ግን ሕዝቡ እያየ ትሰግጃለሽ። ለፍልሰታም አትቆርቢም።»

«አባ፣ ሥጋ እኮ የለም!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ዛሬ ባቆርብሽ ግን ‹እንዴት?› ይላሉ። እንዴት ሲሉ በረታችሁ ይታያቸዋል።»

«ላልበላሁት ሥጋ ልስገድ?»

«ትችያለሽ?»

«እሰግዳለሁ። አንገቴን ግን አልደፋም።»

«ሳይደፉ እንዴት ይሰገዳል?» አሉና ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ብለው በመስቀላቸው ሸፈኑት።

ሰገድኩ። ሴቶቹ እያዩኝ፣ ጭቃው ግንባሬ ላይ እየደረቀ ሰገድኩ። የፍልሰታ ዕለት ሰዉ ነጭ ለብሶ ሲገባ እኔ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆምኩ። አገሬ ሳለሁ ከዚያ ቁርባን ቀርቼ አላውቅም። ከውስጥ ከበሮው ሲሰማም አልተቀመጥኩም፣ ከዛፍም ጀርባ አልተጠለልኩም። ማየት የፈለገ ሁሉ እንዲያየኝ መንገዱ ዳር ቆምኩ። እመቤቴ የበላሁትን ታውቃለች አልኩ። ከእሷ ሌላ የሚያስፈራኝ አልነበረም።

ሕዝቡ ሲወጣ እማማ መጥተው እጄን ያዙኝ። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ግን አልያዙም። ሰዉ ሁሉ እያየ ቁልቁል ወረድን፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንዙን ተሻገሩ፤ በሕይወታቸው ረግጠውት የማያውቁት የሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ላይ ቆመው «ቤቶች!» አሉ።

ሸክላ ሠሪዋ እጇ ጭቃ እንደያዘ ወጣች። እማማን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ሊያባርሯት የመጡ መስሏት ነው።

«ገብስ አለሽ?» አሉ እማማ።

«እኔ ቤት?» አለች፤ ወደ እኔ አየች። «አለኝ። የድስቶቼ ዋጋ ነው።» እዚያ አገር ድስት የሚገዛ የድስቱን ሙሉ እህል ነው የሚከፍል።

«ደረቅ ነው?»

«ከጭስ በላይ ሰቅዬው ነው የከረመ። ኮሽ ኮሽ ይላል።»

«እንግዲያው ስፈሪልኝ። ከአዲሱ ገብስ እመልስልሻለሁ።»

ስትሰፍር ዝቅ ብላ በጆሮዬ «ሥጋውስ ጣፈጠሽ?» አለችኝ። ሥጋ እንዳልነበረ ማን እንደነገራት እንጃ፤ ምናልባት ማንም አልነገራትም። ሁለታችንም ሳቃችን እንዳይሰማ አፋችንን በነጠላችን ያዝን።

በዓል ቢሆንም፣ የዱር ሰው ይራባል ብለን ያን ዕለት ቆላን፣ ፈጨን። በሶውን አሽቼ ሳህኑን ሞላሁና እንደ ልማዴ ልበላ እጄን ስሰድ እማማ መቱኝ።

«አንች ተራሽን ቀምሰሻል» አሉ።

ሳህኑን ይዘው ደጅ ወጡ። ለበዓሉ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደው ሰው በሚያልፍበት በኩል፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው በሶውን በጣታቸው እስከ መጨረሻው ጠረጉት። ሰው ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ፣ ምን እየበሉ ነው?» ሲላቸው «የሸክላ ሠሪዋን እህል» ይሉታል። ሰው ቆሞ ያያቸዋል፣ ይሄዳል፣ ዘወር ብሎ ደግሞ ያያቸዋል። ከዚያ ድንጋይ ሳይነሱ ዋሉ። ምንም አልሆኑም።

ጀምበር ስትዘቀዝቅ ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ ወደ ወንዙ ማዶም፣ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤትም እንዲሰማ አድርገው ጮኹ፦

«እህሉ ደህና ነው!»